ፓጄ፣ ዛንዚባር፡ ለእህቴ ሰርግ ከጅማ ሄደን ያረፍንባት ገስት ሃውስ

እህቴ የምትኖረው ውጭ ነው፣ ሰርጓን የታንዛኒያ ደሴት ዛንዚባር ላይ ፓጄ የሚባል መንደር ውስጥ አደረገች፣ እኛም እማዬን ይዘን አምስት ሆነን ከጅማ ሄድን። ከተመለስን ጀምሮ ሰው ሁሉ የት አረፋችሁ እያለ ስለሚጠይቀኝ አንዴ በደንብ ልጻፈው።

ገስት ሃውሷ ትንሽ ናት፣ ሰባት ክፍል ብቻ፣ ግቢው አሸዋ ነው፣ ሰርጉ ካለበት ሆቴል በእግር አስር ደቂቃ። ይቺ አስር ደቂቃ ናት የጠቀመችን። የአጎቴ ቤተሰቦች ረከስ ያለ አገኘን ብለው ስቶን ታውን ከተማው ውስጥ ሆቴል ያዙ፣ ከተማው በጣም ነው የሚያምረው፣ ግን ከዛ እስከ ፓጄ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለመሄድ ብቻ አንድ ሰዓት፣ በአልጋ ያተረፉትን በሁለት ቀን በታክሲ ጨረሱት። የሂና ማታ ደግሞ አልደረሱም። እህቴ እጇን ዘርግታ ሂና ሲቀቧት አክስቴ አጠገቧ አልነበረችም፣ እስከዛሬ ሲያነሱት ሁለቱም ይከፋቸዋል። ስለዚህ ክፍሉ ቢጠብም ሰርጉ ያለበት መንደር እደሩ።

እማዬ የሆቴል ኔስካፌ አትጠጣም። ጀበናዋን በጋቢ ጠቅልላ በእጅ ሻንጣ፣ ጥሬ የጅማ ቡና ደግሞ አንድ ኪሎ ይዛ ነው የሄደችው። መጀመሪያ ቀን ጠዋት ክፍል ውስጥ እሳት ማንደድ እንደማይቻል ነገሩን፣ ልክ ናቸው፣ ግን የቤቱ ባለቤት ሴትዮ የራሷን የከሰል ምድጃ ግቢ ውስጥ አውጥታ አያያዘችላት፣ እነሱ ጂኮ ነው የሚሉት። እማዬ ቡናውን ቆልታ ጭሱን ስታዞርላት ሴትዮዋ በሁለት እጇ ወደ ፊቷ እየሳበች "ካሃዋ፣ ካሃዋ" ትላለች፣ ቋንቋ ሳይግባቡ እስከ በረካ አብረው ጠጡ። ከዛ በኋላ በየቀኑ ጠዋት ምድጃው ተቀጣጥሎ ነበር የሚጠብቀን። ረቡዕ ጾም ነው ስንላት በኮኮናት ወተት የተሰራ ባቄላ የመሰለ ወጥ፣ ማሃራጌ ይሉታል፣ ከሩዝ ጋር አቀረበችልን፣ እማዬ ሁለቴ ነው ያስጨመረችው።

አልጋው ንጹህ ነው፣ አጎበር አለው። ችግሩ ውሃው ነው፣ የሻወሩ ውሃ ጨው ጨው ይላል፣ ፀጉር ያደርቃል፣ ለሰርግ ቀን ፀጉራችሁን በታሸገ ውሃ አለቅልቁት። ከ5 ኮከብ 4 የሰጠኋት በዚህ ምክንያት ነው። ሶኬቱም ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ቀዳዳ ስለሆነ የኛ ቻርጀር አይገባም፣ አዳፕተር ያዙ። ለሊት አዛን ይሰማል ብለው ያማረሩ እንግዶች ነበሩ፣ ጅማ ላደገ ሰው ይሄ ምንም አይደለም። መንደሩ የሙስሊም መንደር ስለሆነ ከባህሩ ስትወጡ ትከሻና ጉልበት ሸፈን አድርጉ፣ እኛ ነጠላችንን ጣል እያደረግን ስንሄድ እናቶቹ በደስታ ነበር ሰላም የሚሉን።

ባህሩን ሳላነሳ አልቀርም። ጠዋት ተነስተን ስናይ ውሃው የለም! በጣም ሩቅ ሸሽቷል፣ ሴቶች እርጥቡ አሸዋ ላይ ጎንበስ ብለው የባህር ሳር ያመርታሉ፣ ከሰዓት ተመልሶ ይመጣል። ለመሸሽ ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፣ ለመመለስም እንደዛው፣ ደግሞ ሰዓቱ በየቀኑ ወደ ሃምሳ ደቂቃ ይገፋል። ሙሽሮች ካላችሁ የፎቶውን ሰዓት ከመቁረጣችሁ በፊት ውሃው የሚሞላበትን ጠይቁ፣ እህቴ ጠይቃ ስለነበር ፎቶዋ ላይ ባህሩ እግሯ ስር ነው።

ሰዓት ካልኩ አይቀር፣ የስዋሂሊ ሰዓት እንደኛው ነው የሚቆጠረው፣ ሹፌሩ "ሳ ሞጃ" ካላችሁ በኛ አንድ ሰዓት ማለቱ ነው። የጥሪ ካርዱ ላይ 4 ሰዓት ከሰዓት በኋላ የሚለው ግን በፈረንጅ ነው፣ በኛ አስር ሰዓት። የሰዓት ልዩነት የለንም፣ ግራ የሚያጋባው ይሄ ብቻ ነው፣ እነ አጎቴን ያስረፈዳቸው አንዱም እሱ ነው።

ወረቀት ላይ አትቀልዱ። ቪዛውን ቀደም ብላችሁ ኦንላይን ጨርሱ። ፓስፖርቱ ቢያንስ ስድስት ወር ይቅረው። የቢጫ ወባ ካርድ ከኛ አገር ለሚሄድ ሰው ግዴታ ነው፣ ክትባቱን ከመሄዳችሁ ቢያንስ 10 ቀን በፊት ውሰዱ፣ አንዴ ከተወሰደ እድሜ ልክ ያገለግላል። ከጥቅምት 2024 በፈረንጅ ጀምሮ ዛንዚባር የራሷን ኢንሹራንስ ግዴታ አድርጋለች፣ ለአንድ ሰው 44 ዶላር፣ ሌላ ቦታ የገዛችሁት አያገለግልም፣ ያንንም እዚሁ ሆናችሁ ኦንላይን ክፈሉና ስክሪንሾቱን ስልካችሁ ላይ ያዙ። ዶላሩን ባንክ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት አይቶ ይሸጥላችኋል፣ አዳዲስ ኖት ስጡኝ በሉ፣ አሮጌ ዶላር እዛ አይቀበሏችሁም። ፌስታል አትያዙ፣ ታንዛኒያ ከ2019 በፈረንጅ ጀምሮ ከልክላለች፣ የእማዬን በሶ በጨርቅ ከረጢት ነው የወሰድነው።

ከጅማ በሌሊት መኪና ተነስቼ በዛው ቀን ቦሌ እደርሳለሁ ብላችሁ ትኬት አትቁረጡ። 350 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጊቤ ላይ አንድ መኪና ከቆመ ቀኑ ሄደ። አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡና አዲስ አበባ ዘመድ ቤት እደሩ፣ እኛ እንደዛ አድርገን እማዬ ሳትደክም ነው አውሮፕላን ላይ የወጣችው።