ጦጣ ልናይ ሄደን ቡና አይተን መጣን (የሀረና ጫካ ጉዞ)

መጋቢት ላይ ከጓደኞቼ ጋር የሁለት ቀን ፓኬጅ ገዝተን ባሌ ሄድን፣ የአስጎብኚውን ስም ልተወው። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ ያለችው የባሌ ጦጣ ናት፣ ቡና የሚል ቃል የለበትም፣ እኔም የከፈልኩት ለሷ ነው እውነቱን ለመናገር።

ከጎባ ተነስተን የሳነቴን ደጋ አምባ ስናቋርጥ ጉሙ መንገድ አያሳይም፣ ቁልቁል ወርደን ሪራ ጋ ቀርከሃው ይጀምራል። ጋይዱ የሰፈሩ ልጅ ነው፣ ዝም በሉ አለንና ቆመን ስንጠብቅ ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ፣ ብቅ አለች። ጀርባዋ ቡናማ፣ አገጯ ላይ ነጭ ጺም፣ ለጋ ለጋውን እየቀነጠሰች ልክ ጫት እንደሚቅም ሰው ተመቻችታ ትበላለች 😂 ከምግቧ አራት እጅ ሦስቱ ቀርከሃ ነው፣ እሱ ለአጥርና ለቤት ሲያልቅ እርሻ ትገባለች፣ እዛ ደግሞ ድንጋይ ነው የሚጠብቃት።

በማግስቱ ወደ ደሎ መና ስንወርድ ማንም ያልተከለው ቡና በትልልቅ ዛፎች ስር፣ ዝናብ ጥሎ ስለነበር አበባው ፈንድቶ ጫካው ነጭ በነጭ፣ ሽታው መኪና ውስጥ ድረስ ይገባል፣ ሹፌሩ ግን ሊያልፈው! ጮኸን አስቆምነው፣ 20 ደቂቃ ሰጡን። በጣም ነው ያናደደኝ፣ ምክንያቱም የመጥፋት አደጋ ያለባቸውን ዝርያዎች በሚመዘግበው የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት (አይዩሲኤን) ቀይ መዝገብ ጦጣዋ "ለአደጋ የተጋለጠች" ስትሆን የጫካው ቡና (አረቢካ) አንድ ደረጃ ብሶበት "ለመጥፋት የተቃረበ" ነው። በየጓዳችን ስላለ የሚጠፋ አይመስለንም እንጂ የጓሮው ሌላ የጫካው ሌላ፣ ነገ በሽታና ድርቅ የሚችል ዘር ሲፈለግ የሚኬደው እዚህ ጫካ ነው፣ እሱም እየተመነጠረ አየሩም እየሞቀ ነው። ብቻ ቡናው አንድ ነገር ይሻላል፣ ሰው ለቅሞ ስለሚሸጠው የጥላውን ዛፍ ይሳሳለታል፣ ጦጣዋ ግን ከኛ ፎቶና ከጋይዱ አበል ውጪ ለማን ምን ታስገባለች?

ጋይዱ 5 ከ5፣ መኪናው 3፣ ፕሮግራሙ 2። የምትሄዱ ሰዎች ለቡናው ግማሽ ቀን ካልሰጣችሁን አንከፍልም በሉ።

ከመንገድ ዳር አንድ ኪሎ ገዛሁ። ፍሬው ትንሽና ትልቁ የተቀላቀለ ስለሆነ ሲቆላ ያስቸግራል፣ አንዱ ሲያር አንዱ ገና ነው፣ እናቴ ምን አመጣህብኝ እያለች ቆላችው። በረካው ላይ ግን ዝም ብላ ሲኒዋን ድጋሚ ዘረጋች።