ፉል ሲንተቲክ የካምቢዮ ዘይት በብርድ፦ ለማርሹ 4 ኮከብ፣ ለነዳጁ 1

ዘይቱ ጥሩ ነው። ያናደደኝ ጠርሙሱ ላይ በትልቁ የተጻፈው «ነዳጅ ይቆጥባል» የሚለው ነገር ነው።

የገዛሁት የዴክስሮን 6 (የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ደረጃ ነው) ምልክት ያለውን ነው፤ የመኪናዬ መመሪያም የሚለው እሱኑ ነው። በፊት ብርድ ሲሆን ጠዋት ከፒ (ከማቆሚያው) ወደ ዲ (ወደ መንጃው) ሳስገባት ትንሽ ታስብና ጓ ብላ ነበር የምትገባው። ከአንድ ወደ ሁለት ስትቀይርም ትጎትታለች። አሁን ይሄ በአብዛኛው ጠፍቷል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ የሚቀይረው በዘይት ግፊት ነው፣ ዘይቱ ደግሞ ሲበርደው እንደ ማር ይወፍርና በነዚያ ቀጫጭን መተላለፊያዎች ቶሎ አይሄድም፣ ስለዚህ ፍሪሲዮኖቹ (ማርሹን የሚይዙት ሰሌዳዎች) ዘግይተው ይይዛሉ። ሲንተቲኩ በብርድ ብዙም አይወፍርም። እውነቱን ለመናገር ግን የቀድሞው ዘይት አርጅቶ ስለነበር ማንኛውም አዲስ ዘይት የተወሰነ ለውጥ ማምጣቱ አይቀርም ነበር።

ያልተቀየረ ነገርም አለ። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ አሁንም ማርሽ የምትቀይረው ዘግይታ ነው፣ አርፒኤሙም (የሞተሩ ዙር) ከፍ ይላል። ብዙ ሰው ይሄን ብልሽት ይመስለውና ጋራዥ ይሮጣል። ኮምፒውተሩ ግን ሆን ብሎ ነው የሚያደርገው፤ ሞተሩና ካታላይቲክ ኮንቨርተሩ (የጭስ ማጣሪያው) ቶሎ እንዲሞቁ። ዘይቱ እስኪሞቅ ቶርክ ኮንቨርተሩም (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) አይቆለፍም፣ ካልተቆለፈ ደግሞ የሞተሩ ጉልበት ከፊሉ ዘይት በማሞቅ ያልቃል። የትኛውም ጠርሙስ ይሄን አያስቀረውም።

ወደ ነዳጁ ስንመጣ፣ የአሜሪካ መንግሥት መረጃ እንደሚለው የቤንዚን መኪና በከተማ ጉዞ፣ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ሲሆን፣ በ25 ዲግሪ ከምትሄደው 15 በመቶ ገደማ ያነሰ ርቀት ነው በሊትር የምትሄደው። ጉዞው 5 ወይም 6 ኪሎ ሜትር ብቻ ከሆነ ቅናሹ እስከ 24 በመቶ ይደርሳል። ከዚህ ውስጥ የካምቢዮ ዘይት ድርሻው ትንሽ ነው። የሞተር ዘይቱም ይወፍራል፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቤንዚን አብዝቶ ይጠጣል፣ የጎማ ንፋስም በየ5 ወይም 6 ዲግሪው ቅዝቃዜ 1 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ያህል ይቀንሳል (ንፋስ ማስሞላት ከዚህ ዘይት በጣም ይረክሳል!)። አስነስቶ በሚኒሞ ረጅም ጊዜ ማቆም ደግሞ ካምቢዮውን ብዙም ሳያሞቀው ቤንዚን ይጨርሳል። ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቆ፣ ሳይረግጡ በቀስታ መንዳት ይሻላል።

መግዛት የምትፈልጉ መጀመሪያ መመሪያውን እዩ። ሲቪቲ ካምቢዮ (ቋሚ ማርሾች የሌሉት አውቶማቲክ) ከሆነ የራሱ ዘይት አለው፣ ይሄን እንዳታስገቡበት። ዘይቱ ሲሞቅ መጠኑ ስለሚጨምር ልኩንም መመሪያው በሚለው ሙቀት ላይ አስለኩ፤ በብርድ ለክቶ «ጎድሏል» ብሎ ሊጨምር የሚቸኩል መካኒክ ካጋጠማችሁ አስቁሙት።