ሉተራኖች ለተፈናቃዮች የሚሰፉት ብርድ ልብስ እንዴት ነው?

ሚኒሶታ የምትኖሩ፣ በየሉተራን ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ረጅም ጠረጴዛ ከበው ቁርጥራጭ ጨርቅ የሚገጣጥሙ እናቶች ሳታዩ አትቀሩም። የሚሰፉት ክዊልት የሚባል ድርብ ብርድ ልብስ ነው። ሉተራን ወርልድ ሪሊፍ የሚባለው የአሜሪካ ሉተራኖች የእርዳታ ድርጅት ሰብስቦ ጦርነትና አደጋ ወዳፈናቀላቸው ሰዎች ይልከዋል። ድርጅቱ በ1945 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ጦርነት ያደቀቃትን አውሮፓ ለመርዳት ነበር።

ብርድ ልብሱ ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ። መጠኑ 60 በ80 ኢንች ስለሆነ አንድ ትልቅ ሰው በደንብ ይሸፍናል፣ ሁለት ልጆችም ጎን ለጎን ይተኙበታል። ላይና ታቹ ጨርቅ፣ መሀሉ ሙሌት ነው፤ አንዳንዴም ያረጀ ብርድ ልብስ ይገባበታል። እንዳይንሸራተት በየስንዝሩ በወፍራም ክር ይወጉና ይቋጥሩታል። ቋጠሮውን ጠበቅ አድርጌ ሳብኩት፣ ንቅንቅ አላለም። እኔ ባየሁበት ቦታ ባንዲራ ወይም የወታደር ልብስ የሚመስል ጨርቅ ሲመጣ ለብቻ ያስቀምጡታል። ተቀባዩን ችግር ውስጥ እንዳይከት ብለው ነው፣ ደስ ይላል። እንደ ጋቢ ገላ ላይ ለስለስ አይልም፣ ግን መሬት ላይ ቢነጠፍ፣ በር ላይ ቢጋረድ፣ ዕቃ ቢቋጠርበት ሁሉንም ይችላል። መጠለያ ውስጥ ላለ ሰው ቁም ነገሩ ይሄ ነው። ጉድለቱ ዝናብ ነው፤ ከራሰ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም።

ዋጋውስ? ጨርቅ በመርከብ ከማጓጓዝ ብር ልኮ እዛው መግዛት አይሻልም ወይ የሚሉ ሰዎች እውነት አላቸው። ገበያ ባለበት ይሻላል። ሁሉ ነገር በፈረሰበት ቦታ ግን ብር ይዞ የሚገዛ ነገር ማጣት አለ፣ እዛ ይሄ ብርድ ልብስ ነፍስ ያድናል።

ደግሞ ሥራው በጨርቅ አያልቅም። በ1947 ስዊድን፣ ሉንድ ላይ የተመሠረተው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን፣ የሉተራን ቤተ ክርስቲያናት ኅብረት፣ የኛም ሰዎች ባሉበት ኬንያ ውስጥ ባለው የካኩማ የስደተኞች ካምፕ ለዓመታት ትምህርት ቤቶች ሲያስተዳድር ኖሯል። ኢየሩሳሌም ደብረ ዘይት ተራራ ላይ ያለው አውጉስታ ቪክቶሪያ ሆስፒታሉም ፍልስጤማውያን የካንሰር ሕሙማንን ያክማል። መካነ ኢየሱስ የዚሁ ፌዴሬሽን አባል ናት። ስለዚህ እኛም የምንጠየቅበት ሥራ ነው፣ የፈረንጅ ብቻ አይደለም።

መስፋት የማትችሉ ሉተራን ወርልድ ሪሊፍ ከብርድ ልብሱ ሌላ የሚሰበስበውን የንጽህና ዕቃ ጥቅል አዘጋጁ። አንድ ጠቆር ያለ ፎጣ፣ ሁለት ሳሙና፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ጠንካራ ማበጠሪያና የጥፍር መቁረጫ ነው። ዕቃው ፎጣው ውስጥ ተጠቅልሎ በክር ይታሰራል። የጥርስ ሳሙና አትጨምሩበት።