ለጽሑፋችሁ 150 ዶላር ከመክፈላችሁ በፊት፦ ፈጣኑ ጆርናል፣ ደላላው፣ የሀገር ውስጡ እና ክፍያ የሚምረው

የዩኒቨርሲቲ መምህር ለደረጃ ዕድገት በጆርናል፣ ማለትም በጥናት መጽሔት፣ የታተመ ጽሑፍ ይጠየቃል፤ ማመልከቻው ሲቃረብ ስልኬ ዕረፍት የለውም። የሚደውሉልኝ ቀድሞ ያስተማርኳቸው፣ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የሚያስተምሩ ወጣቶች ናቸው። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «መምህር፣ ጆርናሉ በአምስት ቀን ተቀብሎኛል፤ 120 ዶላር ክፈል ብሎኛል። ልክፈል?» መልሴም አንድ ነው፦ አትክፈል። አንድ በአንድ ከማስረዳ ይህን ጽፌ ብልክላቸው ይሻላል ብዬ ተነሣሁ።

እኔ ከፍያለሁ። ከስምንት ዓመት በፊት በአንድ ጉባኤ ላይ ጥናቴን ባቀረብኩ በሁለተኛው ሳምንት «የተከበሩ ፕሮፌሰር» የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። ያኔ ሌክቸረር ነበርኩ። ጽሑፉን ሰኞ ላክሁ፤ ዓርብ «ተቀብለናል» አሉኝ። የሁለቱ ገምጋሚዎች አስተያየት ተደምሮ ሦስት መስመር ነበር፤ አንደኛው የማጣቀሻዎቹን ሥርዓተ ነጥብ እንዳስተካክል ብቻ ይጠይቃል። ዋጋው በድረ ገጹ ላይ አልነበረም። ከደብዳቤው ጋር የ150 ዶላር ሂሳብ ተያይዞ መጣ። ዋሽንግተን ያለችው የአክስቴ ልጅ በካርዷ ከፈለችልኝ፤ እኔም እዚህ ለእናቷ 5,000 ብር ሰጠሁ።

የዕድገት ኮሚቴው ያን ጽሑፍ በዜሮ ቆጠረው። ጆርናሉ በየትኛውም የታወቀ ማውጫ ውስጥ አልነበረም። ጽሑፉን አንሥቼ ሌላ ቦታ ልውሰደው ብዬ ስጠይቅ ማንሻ 200 ዶላር አሉኝ። ለማስገባት 150፣ ለማስወጣት 200። ሳልከፍል ቀርቼ ጽሑፉን አሻሽዬ ለሌላ ጆርናል ስልክ፣ የመመሳሰል መመርመሪያው ከራሴ የታተመ ጽሑፍ ጋር አንድ ነው ብሎ ጣለው። በሁለት ወረዳዎች ቤት ለቤት ዞሬ የሰበሰብኩት መረጃ እዚያ ታስሮ ቀረ። ገንዘቡ ተረስቷል፤ መረጃው ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እንግዲህ በእጃችሁ አንድ የተጠናቀቀ ጽሑፍ እና ጥቂት ገንዘብ አለ እንበል። ገበያው ላይ ያለው ይህ ነው።

ፈጣኑ ጆርናል

ከ100 እስከ 300 ዶላር ይጠይቃል። ዋናው ማባበያው ፍጥነት ሲሆን ሁለተኛው ቅናሽ ነው፤ «ለአፍሪካ ተመራማሪዎች ግማሽ ዋጋ» ይላል። ከዚያ በኋላ የመለያ ቁጥር ክፍያ፣ የምስክር ወረቀት ክፍያ እያለ የቀነሰውን መልሶ ይሰበስበዋል። ብሩ በገበያ እንዲተመን ከተደረገበት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ወዲህ ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ሆኗል። ከዚያ በፊት በነበረው የባንክ ምንዛሪ፣ በ57 ብር ግድም፣ 150 ዶላር 8,550 ብር ነበር። ዶላሩ 120 ብር በደረሰ ጊዜ 18,000 ሆነ። ካርድ ያለው ሰው ፈልጋችሁ የምትሰጡት ጉርሻ በዚህ ላይ ይጨመራል።

በዚህ ገንዘብ የምትገዙት ግምገማን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ፣ ማንኛውም ተማሪ ሊያየው የሚችል ስሕተት የሞላበት የፈጠራ የካንሰር ጥናት ጽፎ ለ304 ጆርናሎች ላከ። 157ቱ ተቀበሉት። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የፖላንድ ተመራማሪዎች በሕይወት የሌለች አንዲት ምሁር ፈጥረው፣ በቋንቋቸው «አጭበርባሪ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጥተው፣ አርታኢ እንድትሆን ለ360 ጆርናሎች አመለከቱላት። አርባ ስምንቱ ሾሟት፤ ከእነዚህ አርባው በአጭበርባሪነት ከተጠረጠሩት ዝርዝር የተወሰዱ ነበሩ። ስለዚህ ድረ ገጹ ላይ የሃያ ፕሮፌሰሮች ፎቶግራፍ ስታዩ አትደነቁ። ሁለቱን መርጣችሁ በዩኒቨርሲቲያቸው አድራሻ ጻፉላቸው። እኔ ዘግይቼም ቢሆን ጽፌ ነበር፤ አንዱ ስሙ እዚያ መኖሩን የሰማው ከእኔ ነው።

የማንሻ ክፍያው የእኔ ብቻ ዕድል መስሎኝ ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ኦሚክስ በተባለው የሃይደራባድ አሳታሚ ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 ክስ ሲመሠርት ካነሣቸው ነጥቦች መካከል ይኸው ይገኝበታል፦ ዋጋ መደበቅ፣ ያልተደረገ ግምገማ ተደርጓል ማለት፣ ጽሑፌን መልሱልኝ ያለውን ደራሲ እምቢ ማለት። የኔቫዳ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ፈረደበት። የእኔ አሳታሚ ሌላ ነው፤ ዘዴው ግን አንድ ነው።

«ኢምፓክት ፋክተር 6.8» የሚል ጽሑፍ ስታዩም ማን እንደ ሰጠው ጠይቁ። የጆርናሉ ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚያሳየውን ይህን ቁጥር የሚያወጣው ክላሪቬት የተባለው ኩባንያ ብቻ ነው። ተመሳሳይ ስም ያለው ቁጥር በገንዘብ የሚሸጡ ድርጅቶች አሉ፤ ፈጣኑ ጆርናል የሚለጥፈውም የእነሱን ነው።

ደላላው

ይህ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። በቴሌግራም «ስኮፐስ በ30 ቀን፣ ተቀባይነት የተረጋገጠ» እያለ ያስተዋውቃል፤ ስኮፐስ የታወቀ የጆርናሎች ማውጫ ነው። ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ የነገራት ዋጋ 45,000 ብር ነበር፤ ግማሹ ቀብድ። ጽሑፍ ከሌላችሁ የተጻፈም አለው፤ የመጀመሪያ ደራሲነት ይወደዳል፣ አራተኛው ይረክሳል። ንግዱ አዲስ አይደለም። ሳይንስ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2013 በቻይና ያለውን ገበያ ሲመረምር የደራሲነት ዋጋ ከ1,600 እስከ 26,300 ዶላር ሲጠራ ሰምቷል።

ባልደረባዬን ያሳያት ጆርናል በስም የታወቀ ነበር። መለያ ቁጥሩ እውነተኛ፣ የአርታኢዎቹ ስም እውነተኛ። ሐሰተኛው ድረ ገጹ ብቻ ነበር። የእውነተኛ ጆርናል ስም ተሰርቆ በሌላ አድራሻ ተመሳሳይ ገጽ ይከፈታል፤ ገንዘቡም ለሌባው ይገባል። መርካቶ ውስጥ የታወቀ የጫማ ስም የተለጠፈበት አስመስሎ የተሠራ ጫማ እንደምትገዙት ማለት ነው፤ ልዩነቱ ጫማውን ቢያንስ ትጫሙታላችሁ። ብዙ ጊዜ የሚሰረቁት ደካማ ድረ ገጽ ያላቸው ወይም በወረቀት ብቻ የሚታተሙ ጆርናሎች ናቸው። የሐሰተኞቹ ጽሑፎች ስኮፐስ ውስጥ ገብተው የተገኙበት ጊዜም አለ፤ ስለዚህ «ስኮፐስ ላይ አይቼዋለሁ» ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

አስመስሎ የተሠራውን እንዲህ ለዩት። በኢሜይል ወይም በቴሌግራም የመጣላችሁን ማስፈንጠሪያ ፈጽሞ አትከተሉ። የቆዩ ዕትሞችን ክፈቱ፤ ሐሰተኛው ወይ የሉትም ወይ ከሌላ ተገልብጠዋል። በአንድ ዕትም ውስጥ የጥርስ ሕክምና፣ የሂሳብ አያያዝና የበቆሎ ዘር ጎን ለጎን ከተቀመጡ ውጡ። ሪትራክሽን ዎች የተባለው ተቋም ከተመራማሪዋ አና አባልኪና ጋር እ.ኤ.አ. በ2022 የጀመረው የተሰረቁ ጆርናሎች ዝርዝር በነፃ ይገኛል። ባልደረባዬ ቀብዱን ከመክፈሏ በፊት ደላላው ያሳያትን ጆርናል ያገኘነው እዚያ ነው።

ክፍያ የሚምረው የውጭ ጆርናል

ብዙዎች ዋጋውን አይተው ይሸሻሉ፤ አይፈረድባቸውም። ኔቸር የተባለው ታላቅ የሳይንስ ጆርናል እ.ኤ.አ. በ2020 ለክፍት ተደራሽነት፣ ማለትም ጽሑፉን ማንም በነፃ እንዲያነበው፣ 9,500 ዩሮ ብሎ አስታወቀ። መካከለኞቹም ቢሆኑ ሁለት ሦስት ሺህ ዶላር ይላሉ። ፈጣኑ ጆርናል የሚሸጠው በዚህ ድንጋጤ ላይ ነው፦ «እዚያ 2,000፣ እኛ ዘንድ 150»።

ነገር ግን ያ 2,000 ለእናንተ ዜሮ ሊሆን ይችላል። ለድሃ ሀገሮች የጥናት ጽሑፎችን በነፃ ወይም በቅናሽ በሚያቀርበው ሪሰርች ፎር ላይፍ በተባለው መርሐ ግብር ኢትዮጵያ በመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ናት፤ ብዙ ታላላቅ አሳታሚዎችም ይህን ምድብ ተከትለው ሙሉ ክፍያ ይምራሉ። ፕሎስ ከእነዚህ አንዱ ነው። ይህን የማያውቁ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች አጋጥመውኛል። ሁለት ነገር ልብ በሉ። ምሕረቱን የምትጠይቁት ጽሑፉን በምታስገቡበት ዕለት ነው፤ ከተቀባይነት በኋላ ብትጠይቁ ብዙዎቹ አይሰሙም። ሁለተኛ፣ አንዳንዶቹ ሁሉም ደራሲዎች ከእነዚህ ሀገሮች መሆን አለባቸው ይላሉ፤ ጀርመን ያለ አማካሪያችሁን ስም ከማስገባታችሁ በፊት ደንቡን አንብቡ።

የታወቀ ስም ብቻውንም አያድንም። ታላቁ አሳታሚ ዋይሊ፣ ሂንዳዊ የተባለውን ሌላ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2021 በ298 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ በ2023 ብቻ ከ8,000 በላይ ጽሑፎቹ ተሻሩ። «የወረቀት ፋብሪካ» የሚባሉት፣ የሐሰት ጥናት እየጻፉ የሚሸጡ ድርጅቶች፣ በልዩ ዕትሞች በኩል ሰርገው ገብተው ነበር። በኋላ ዋይሊ ሂንዳዊ የሚለውን ስም ራሱን ተወው። ስለዚህ «ለልዩ ዕትማችን ተጋብዘዋል» የሚል ደብዳቤ ከታላቅ አሳታሚ ቢመጣም አርታኢው ማን እንደሆነ ፈትሹ።

የሀገር ውስጡ፣ የእኔ ምርጫ

ለመጀመሪያ ጽሑፋችሁ እኔ የምመርጠው ይህን ነው፤ አልደብቅም። የኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ አለ፤ ሳይኔት የተባለው የሳይንስ ጆርናል ከ1978 ጀምሮ። ጅማ የጤና ሳይንስ ጆርናል ታሳትማለች። ብዙዎቹ በአፍሪካ ጆርናሎች ኦንላይን ላይ ይነበባሉ። ደራሲን ምንም የማያስከፍሉ ብዙ ናቸው፤ የሚያስከፍሉትም በብር ነው፤ የሰው ካርድ አትለምኑም።

ጉድለቱን አውቀዋለሁ። ኢሜይል አይመለስም፤ ድረ ገጹ ለሳምንት ይጠፋል፤ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ትጠብቃላችሁ። እኔ የመጨረሻውን ጽሑፌን ለማውጣት ቢሮ ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ግን ገምጋሚው ወረዳውን ያውቀዋል። «በዚያ ወቅት በዚያ ቀበሌ ገበያ ቅዳሜ አይውልም፤ ናሙናችሁ እንዴት ቅዳሜ ተሰበሰበ?» ብሎ የጠየቀኝ ገምጋሚ ባያገኘኝ ኖሮ የተሳሳተ ነገር በስሜ ታትሞ ይኖር ነበር። ይህን ጥያቄ በ150 ዶላር የሚሸጥላችሁ የለም። ከማስገባታችሁ በፊት ጆርናሉ በትምህርት ሚኒስቴር ተገምግሞ ዕውቅና ማግኘቱን ብቻ አረጋግጡ፤ ኮሚቴያችሁ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ከሀገር ውጪ ክፍያ የሌለው ስትፈልጉ ደግሞ ዶአጅ የተባለው የክፍት ጆርናሎች ማውጫ አለ። ከ20,000 በላይ ጆርናሎች ተዘርዝረውበታል፤ አብዛኞቹ ደራሲን አያስከፍሉም።

ገንዘብ ማውጣት ካለባችሁ

ለእንግሊዝኛው አውጡ። ሥራውን የምታውቁትን አርታኢ ፈልጉ፤ ሁለት ገጽ በሙከራ ስጡት፤ በገጽ ተስማሙ። እኔ ባለፈው ዓመት ለሃያ ሁለት ገጽ 4,400 ብር ከፍያለሁ፤ ከጽሑፌ ጋር በተያያዘ ካወጣሁት ገንዘብ ያልቆጨኝ ይኸኛው ነው። ሐቀኛ አርታኢ ዓረፍተ ነገር ያቀናል እንጂ «ይታተምልሃል» አይልም፤ ያለ ቀን ደላላ ሆኗል። ገንዘብ ለሌለው ኦተርኤይድ አለ፤ ልምድ ካላቸው ተመራማሪዎች ጋር በነፃ ያገናኛል። «ቴሲስዎን መጽሐፍ እናድርገው» ለሚለው ኢሜይል ግን መልስ አትስጡ። መብቱን ይወስዳሉ፤ አንድ ሰው አያርመውም፤ ከዚያም መጽሐፉን ለራሳችሁ በዩሮ ይሸጡላችኋል።

ይህን የምታነቡት ከላካችሁ በኋላ ከሆነ፣ ገና ካልከፈላችሁ አትክፈሉ፤ የመብት ማስተላለፊያውን ቅጽ አትፈርሙ። ጽሑፉን ማንሣታችሁን የሚገልጽ አጭር ኢሜይል ዛሬውኑ ጻፉ፤ ሁሉንም ደራሲዎች በግልባጭ አስገቡ፤ ቅጂውን አስቀምጡ። የማንሻ ሂሳብ ቢልኩ ዝም በሉ። በየሳምንቱ ማስፈራሪያ ይመጣል፤ ከሁለት ወር በኋላ ያቆማሉ። ወደ ቀጣዩ ጆርናል ስትሄዱ የሆነውን ለአርታኢው በደብዳቤ ንገሩት፤ ያን የኢሜይል ቅጂም አያይዙ። እኔ ያልያዝኩት ያን ቅጂ ነበር።