ባፈር ለሦስት ሱቅ ይበቃል፤ ቴሌግራም ግን ውጭ ቀርቷል

አራት ኪሎ ያለ ኬክ ቤት፣ ፒያሳ ያለ ወርቅ ቤት፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያለ መጻሕፍት መደብር፤ የሦስቱንም የማኅበራዊ ሚዲያ ሥራ የያዝኩት እኔ ነኝ። ሥራው ሁሉ ስልኬ ላይ ነው። ብዙ አካውንት በአንድ ቦታ የሚያስተዳድሩ አፖችን ሳማርጥ ቆይቼ ባፈር ላይ ረግቻለሁ። እንደ እኔ የሰው ገጽ ይዛችሁ ለምትሠሩ የምመክረውም እሱኑ ነው፤ የእኛን አገር ሥራ የማያውቅባቸው ቦታዎች ስላሉ ግን እነሱንም እጽፋለሁ።

ከሁሉ በላይ የወደድኩለት ነገር፣ አስቀድሜ አዘጋጅቼ ወረፋ ያስያዝኩት ፖስት የሚወጣው ከስልኬ ሳይሆን ከእነሱ ሰርቨር መሆኑ ነው። መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ቢቋረጥ፣ ታክሲ ውስጥ ባትሪዬ ቢያልቅ ፖስቱ ሰዓቱን ጠብቆ ይወጣል። ኢንስታግራሙ የግል አካውንት ከሆነ ግን አፑ ማስታወሻ ብቻ ይልክላችኋል እንጂ የምትለጥፉት ራሳችሁ ናችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ቢዝነስ ወይም ወደ ክሪኤተር ቀይሩት፤ ቅየራው ነፃ ነው። ፌስቡክ ላይም ፔጅ እንጂ የግል ፕሮፋይል አይቀበልም።

እያንዳንዱ አካውንት የየራሱ የሰዓት ሰሌዳ አለው፤ ሰሌዳውን ደግሞ ለየቀኑ ለብቻ ማስተካከል ይቻላል። ለኬክ ቤት ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ባለቤቷ «ልጄ፣ አደራሽን፣ በጾም ቀን ክሬም እንዳታሳዪብኝ፤ ሰው ይቀየመኛል» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። እናም ረቡዕንና ዓርብን ከሰሌዳው አውጥቻቸዋለሁ። ለእነዚያ ቀናት የጾሙን ኬክና ሳምቡሳውን ብቻ ቀንና ሰዓት እየሰጠሁ በእጄ አስገባለሁ፤ የቀረው ሳምንት ተራውን ይዞ በራሱ ይሄዳል። ሁዳዴ ሲገባ ለ55 ቀን ክሬሙን ሁሉ ከወረፋው አነሣና በጾሙ እተካዋለሁ። የወርቅ ቤቱ ነገር ሌላ ነው። የእሱ ገበያ ሰርግ ነውና ጥር ሲቃረብ ቀለበትና ሐብል በየምሽቱ ይወጣል፤ ሌላ ጊዜ በሳምንት አንዴ ይበቃዋል። የአንዱን ሰሌዳ ስነካ የሌላው አይናወጥም።

አፑ የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ነው። ማታ 2 ሰዓት እንዲወጣ የፈለጋችሁትን 20:00 ላይ ታስገባላችሁ፤ እሱ ቶሎ ይለመዳል። ጥንቃቄ የሚፈልገው ቀኑ ነው። እንቁጣጣሽ አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜ 6 ከሆነች ግን 12 ላይ ነው። ያን ጊዜ ጥምቀትም ከጃንዩወሪ 19 ወደ 20 ይሄዳል፤ ገና ደግሞ ታኅሣሥ 28 ስለሚከበር እዚያው ጃንዩወሪ 7 ላይ ይቆያል። የበዓል ፖስት ስታስገቡ የአምናውን ቀን አትገልብጡ፤ የዘንድሮውን የግድግዳ ካላንደር አጠገባችሁ አድርጉ።

ስለ ይለፍ ቃልም ልበል። ከባፈር በፊት ያወረድኩት አንድ አፕ የደንበኛዬን የኢንስታግራም ይለፍ ቃል እዚያው አፑ ላይ ጻፊ አለኝ፤ ወዲያው አጠፋሁት። ባፈር ግን ፌስቡክ ወይም ኢንስታግራም ራሱ ወዳለው መግቢያ ይወስዳችኋል፤ ፈቃዱን የምትሰጡት እዚያ ነው። ነገ ከሥራው ብትለቁ ባለቤቱ ሴቲንግ ገብቶ ፈቃዱን ያነሣል፤ የይለፍ ቃሉም ማንም እጅ አልገባም። የሰው እንጀራ ይዞ ለሚሠራ ይሄ የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን አለበት።

ነፃው አገልግሎት ሦስት አካውንት ይይዛል፤ በእያንዳንዱም በአንድ ጊዜ 10 ፖስት ወረፋ ማስያዝ ይቻላል። ከዚያ በላይ ክፍያው በዶላር ስለሆነ ተራው የብር ካርዳችን አይከፍለውም። እኔ ሦስቱን ቦታ ለኬክ ቤቱና ለወርቅ ቤቱ ኢንስታግራም፣ እንዲሁም ለመጻሕፍት መደብሩ የፌስቡክ ፔጅ ሰጥቻለሁ። የመደብሩን ኤክስ (የድሮውን ትዊተር) በእጄ ነው የምሠራው። እዚያ ደግሞ ልኩ 280 ይባል እንጂ አንድ የግዕዝ ፊደል እንደ ሁለት ስለሚቆጠር ለእኛ 140 ብቻ ነው፤ ከፌስቡክ ገልብጣችሁ ብትለጥፉ አይገባም። ለደንበኛ መልእክት የፌስቡክን ባለቤት ኩባንያ አፕ፣ ሜታ ቢዝነስ ስዊትን ጨምሩ፤ የሜሴንጀሩንና የኢንስታግራሙን በአንድ ሳጥን ያመጣል፣ በነፃ።

የሚያሳዝነኝ ቴሌግራም ነው። የመጻሕፍት መደብሩ አንባቢ ያለው ቻናሉ ላይ ነው፤ አዲስ መጽሐፍ ሲገባ ዋጋ የሚጠየቀውም፣ «አስቀምጡልኝ» የሚባለውም እዚያ ነው፤ ባፈር ግን ቴሌግራምን አያገናኝም። ደግነቱ ቴሌግራም ራሱ ቀጠሮ ያውቃል፦ መላኪያውን ምልክት ጫን አድርጋችሁ ስትይዙት ቀንና ሰዓት ይጠይቃችኋል። ሦስት አካውንትም በአንድ አፕ ይይዛል። እኔም እሑድ ከሰዓት ባፈር ላይ የሳምንቱን እጨርስና ወደ ቴሌግራም ዞሬ የመጽሐፍ ሽፋኖቹን አንድ በአንድ ቀጠሮ አስይዛለሁ፤ እዚህ ግን ጽሑፉን አሳጥራለሁ፣ ከፎቶ ሥር የሚገባው 1024 ፊደል ብቻ ነው።