ማይክሮዲስኬክቶሚ ሲመዘን፦ ከወገብ ዲስክ ቀዶ ሕክምና ምን ይጠበቃል?

በወገብ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል ዲስክ ተንሸራቶ ነርቭ የያዘበት ሰው ስለ ማይክሮዲስኬክቶሚ፣ ማለትም የወጣውን የዲስክ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ሥር ስለሚያወጣው ቀዶ ሕክምና ሲጠይቅ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንዱ «በማግስቱ ቆሜ ሄድኩ» ይለዋል፤ ሌላው «ወገብ ከተነካ ወዲያ ሰው መሆን የለም» ብሎ ያስፈራዋል። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ቀዶ ሕክምና ለመሠራት ካበቃው ምክንያት ነው፦ የሚያመው እግር ነበር ወይስ ወገብ?

የዚህ ቀዶ ሕክምና ዒላማ እግር ነው። ከመቀመጫ ጀምሮ በጭን ጀርባ ወይም ጎን ወርዶ ከጉልበት በታች የሚደርስ፣ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር፣ ሲያስሉና ሲያስነጥሱ የሚብስ ሕመም የነርቭ ሥር መጨቆኑን ያመለክታል። ነርቩን የጨቆነው የዲስክ ቁራጭ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ይለቃል። ወገብ ላይ ብቻ ያለ ሕመምና ግትርነት ግን ከዲስኩ ማርጀት፣ ከመገጣጠሚያ ወይም ከጡንቻ ሊመጣ ስለሚችል ቁራጩን ማውጣት ያን ያህል አይፈታውም።

ኤምአርአይ ብቻውን ለቀዶ ሕክምና አያበቃም። ምንም ሕመም ከሌላቸው የ20 ዓመት ወጣቶች 30 ከመቶ ያህሉ ላይ ያበጠ ዲስክ ይታያል። ፎቶው ከምርመራው ጋር መግጠም አለበት፦ ኤል4–ኤል5 ላይ (በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል) የወጣ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ የእግር አውራ ጣትን ወደ ላይ ማንሳት ያደክማል፤ ኤል5–ኤስ1 ላይ (በመጨረሻው የወገብ አጥንትና ከሥሩ ባለው አጥንት መካከል) የወጣው በእግር ጣቶች ቆሞ መራመድን ያስቸግራል፣ የቁርጭምጭሚትን ሪፍሌክስም (በመዶሻ ሲመታ ሳይታሰብ የሚመጣውን እንቅስቃሴ) ያጠፋል። በጀርባ አስተኝቶ፣ ጉልበቱን ሳያጥፍ እግሩን ከፍ አድርጎ ያልመረመረ ሐኪም ገና ምርመራውን አልጨረሰም።

ውጤቱን በቁጥር ካየነው፣ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመው የሆላንድ ጥናት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ከባድ የእግር ሕመም የነበረባቸውን 283 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ቶሎ እንዲሠሩ የተመደቡት ግማሾቹ በ4 ሳምንት ገደማ አገገሙ፤ እንዲጠብቁ የተመደቡት 12 ሳምንት ፈጀባቸው። ዓመት ሲሞላ ግን በሁለቱም ወገን 95 ከመቶው ደኅና ነበሩ። ከጠባቂዎቹ 39 ከመቶው በመካከሉ ሕመሙ ስላልቻላቸው ተሠርተዋል። ስለዚህ ለአብዛኛው ሰው ቀዶ ሕክምናው የሚሰጠው ፍጥነት ነው። የወጣው ቁራጭ በሰውነት የመከላከያ ሕዋሳት እየተበላ ስለሚሟሽሽ፣ ኤምአርአይ ላይ የሚያስደነግጠው ትልቅ ቁራጭ ብዙ ጊዜ ከትንሹ ይልቅ በራሱ ይጠፋል።

ታዲያ እስከ መቼ ይጠበቅ? በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ የካናዳ ጥናት ሕመሙ ከ4 እስከ 12 ወር የቆየባቸውን 128 ሰዎች አነጻጽሯል። ስድስት ወር ሲሞላ፣ እስከ 10 በሚቆጠር የሕመም መለኪያ፣ እንዲሠሩ የተመደቡት ሰዎች የእግር ሕመም ከ7.7 ወደ 2.8 ሲወርድ ሌሎቹ 5.2 ላይ ቀሩ። በኛ ግምገማ ስድስት ሳምንት መታገሥ ተገቢ ነው፤ ከባድ ሕመም ይዞ ዓመት መንፈቅ መቆየት ግን አይጠቅምም።

ከዚህ ሁሉ ውጭ የሆነ አንድ ሁኔታ አለ። ሽንት መያዝ ወይም መሽናት ካቃተ፣ በብልትና በመቀመጫ ዙሪያ ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግሮች ከደከሙ፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል፤ ሰዓታት በባከኑ ቁጥር ሽንት የመቆጣጠር ችሎታው ላይመለስ ይችላል። እየባሰ የሚሄድ የእግር መዛልም አይጠበቅም። እንዲህ ያለውን ሰው ለወጌሻ አሳልፎ መስጠት ጊዜ ማጥፋት ብቻ ሳይሆን አደጋም አለው።

ሥራው ራሱ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ታካሚው በሙሉ ማደንዘዣ በሆዱ ይተኛል፤ ሆዱ ተንጠልጥሎ ነፃ እንዲሆን ይደረጋል፤ ሆድ ከተጨነቀ በነርቮቹ ዙሪያ ያሉት ደም ሥሮች ይወጠሩና መድማቱ ይበዛል። ቀጥሎ መርፌ ተተክሎ የሚሠራው የትኛው ዲስክ እንደሆነ በራጅ ይረጋገጣል። ይህን እርምጃ መዝለል ባልታመመው ዲስክ ላይ መሥራትን ያመጣል፤ በተለይ የወገብ አጥንቶቹ ቁጥር ከተለመደው በሚለይ ሰው ላይ። 3 ሳንቲሜትር ያህል ተቆርጦ ጡንቻው ወደ ጎን ይገፋል፤ ቢጫው ጅማት ይከፈታል፣ ጥቂት አጥንት ይነሣል፤ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ሥር ነርቩ ወደ መሐል ተገፍቶ ቁራጩ በመቆንጠጫ ይወጣል። ዲስኩ በሙሉ አይወጣም። አከርካሪው ካልተላቀቀ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተንሸራተተ ዲስክ አጥንቶቹን የሚያያይዝ ብሎን አያስፈልግም፤ ብሎን የተባለ ሰው ሁለተኛ ሐኪም ያማክር።

የሚበላሸው ምንድን ነው? በመጀመሪያ የሚጠቀሰው ተመልሶ መውጣት ሲሆን፣ ከ100 ሰዎች ከ5 እስከ 15 ላይ ይደርሳል። ምክንያቱ የዲስኩ ሽፋን ላይ የሚቀረው ቀዳዳ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ከቀረባቸው ታካሚዎች 1 ከመቶ ገደማ፣ ሰፊ ቀዳዳ ከቀረባቸው ደግሞ 27 ከመቶ ተመልሶ እንደወጣባቸው አሳይቷል። ስለዚህ ከሥራው በኋላ «ቀዳዳው ምን ያህል ሰፊ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ አለው። ከ100 ሦስት አራቱ ላይ የነርቮቹ ከረጢት ይቀደዳል፤ እዚያው ከተሰፋ አብዛኛውን ጊዜ ዘላቂ ጉዳት አይተውም፣ ሲቆሙ የሚመጣ ራስ ምታት ግን ፈሳሽ እያፈሰሰ መሆኑን ያስጠረጥራል። የዲስክ ኢንፌክሽን ብርቅ ነው፤ ግን ያታልላል። እግሩ ተሽሎት የነበረ ሰው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በኋላ ወገቡን ሌሊት ሌሊት ክፉኛ ካመመው፣ ትኩሳት ባይኖረውም ብግነት መኖሩን የሚያሳየውን የሲአርፒ የደም ምርመራ ያድርግ።

የማገገሙ ቅደም ተከተል ካልተነገረ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። መጀመሪያ ሕመሙ ይለቃል፣ ጉልበት በሳምንታትና በወራት ይመለሳል፣ መደንዘዝ መጨረሻ ነው፤ ዓመት ሊፈጅ፣ ጥቂቱም ላይጠፋ ይችላል። የደነዘዘ ጣት ብቻውን ቀዶ ሕክምናው አልተሳካም አያሰኝም።

በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ መራመድ ይጀመራል። ለአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከ5 ኪሎ በላይ አለማንሳት፣ ወገብን አጥፎ አለመጠማዘዝ የተለመደው ምክር ነው። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ሕፃን ማዘልም ክብደት ነው። አጭር በርጩማ ላይ ጎንበስ ብሎ እንጀራ መጋገር ዲስኩን ከመቆም ይልቅ ያስጨንቀዋል፤ ምጣዱን ወገብ ከፍታ ላይ ማድረግ ይሻላል። ስግደት የሚያዘወትሩ ቀድመው ለንስሐ አባታቸው ቢናገሩ መልካም ነው። ቁስሉን ማሳሸት አይገባም። ሲጋራ ማቆም ደግሞ ለዲስኩም ለቁስሉም ይረዳል።

ከሆስፒታል ሲወጡ የቀዶ ሕክምናውን ማስታወሻና የኤምአርአዩን ሲዲ ይቀበሉ። የእግሩ ሕመም ተመልሶ ቢመጣ በመርፌ ማቅለሚያ የሚሰጥበት ኤምአርአይ ይታዘዛል፤ ጠባሳው ቀለሙን ሲይዝ አዲስ የወጣ ቁራጭ ግን መሐሉ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ሐኪሙም ያንን የሚለየው የድሮውን ፎቶ አጠገቡ አድርጎ ነው።