እጄን ላሰለጠነችልኝ ሲስተር

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሳይተነፍስ የተወለደ ልጅን ስለመርዳት ሦስት ጊዜ ሰልጥኛለሁ፤ ሦስት ሰርተፍኬትም አለኝ። በቃል ብትጠይቁኝ አንዷን አልስትም ነበር። አምቡ ባግ (በማስክ በኩል ለልጁ አየር የሚሰጥ፣ በእጅ የሚጨመቅ ባግ) ስይዝ ግን እጄ የሰው እጅ ይሆንብኝ ነበር።

ይህን የነቃችብኝ አንዲት አሰልጣኝ ሲስተር ናት። ስላይድ የሚባል ነገር አላሳየችንም። አሻንጉሊቱን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ ሰዓቷን አየችና "አላለቀሰም፣ አልተነፈሰም። ያንቺ ነው" አለችኝ።

ባጉን ጨመቅሁ። ደረቱ ንቅንቅ አላለም። ጠንከር አድርጌ ደገምኩት፤ ያው ነው። ትነግረኛለች ብዬ ቀና ስል ዓይኗ ደረቱ ላይ ነው። "አየሩ የት እየሄደ ነው?" አለችኝ፤ ሌላ ቃል የለም። ጆሮዬን ጠጋ ሳደርግ በማስኩ ጠርዝ ፊስስ ይላል። ለካ ማስኩን ወደ ታች እጫናለሁ እንጂ አገጩን ወደ ማስኩ አላነሳም። አንገቱንም ከልክ በላይ ወደ ኋላ ለጥጬዋለሁ። ትንሽ ቀና፣ አገጭ ከፍ ሳደርገው ደረቱ ተነሳ። ያቺ "ወርቃማ ደቂቃ" የምንላት፣ ልጁ እንደተወለደ መተንፈስ ወይም አየር ማግኘት ያለበት የመጀመሪያ 60 ሰከንድ ግን አልፋለች።

"እንደገና" አለች። ስንት ጊዜ እንዳለችው አልቆጠርኩም። በደቂቃ 40 ጊዜ እስኪሆን ድረስ ጮክ ብለን እየቆጠርን ጨመቅን። አትቆጣም፤ "ምን አየሽ?" ትላለች። እውነቱን ለመናገር ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ ጥያቄው ቤት ድረስ ይከተላል።

የወደድኩላት ግን ከስልጠናው በኋላ ያለውን ነው። እጅ በጥቂት ወራት እንደሚረሳ ታውቃለች። አሻንጉሊቱ ቁም ሳጥን ውስጥ እንዳይቆለፍ፣ ዱቲ ስንረካከብ አምስት ደቂቃ እንድንለማመድበት አስማማችን። ከወር በኋላም ሳትነግረን መጥታ አየችን።

በቅርቡ አንድ ሌሊት ያ ፊስስታ ተሰማኝ። ምን ላድርግ ብዬ ሳላስብ ጣቶቼ ቦታቸውን ቀየሩ። ልጁ አለቀሰ፤ እኔም ትንሽ።

ሲስተርዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ!

ለክፍላችሁ አሰልጣኝ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጃት አገናኛችኋለሁ። በአንድ ጊዜ ከስድስት ሰው በላይ ስለማትቀበል ወረፋው ያሰለቻል። ላረፈደም በር አትከፍትም፤ ደርሶብኛል። ደግሞ ጥፍራችሁን ቆርጣችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የምታየው እጅ ነው።